የጥሩነሽ ሰማንያ ቀን

ሕንድ አገር ሽሮ ይኑር አይኑር የነገረን የለም፤ እህቴ ባንችይርጋ ግን አምስት ኪሎ አስፈጭታ መጣች። ያን ጠዋት ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍታ፣ የሽሮውን ፌስታል መሀል አስቀምጣ፣ የልጅቱን ልብስ ዙሪያውን ትጠቀጥቅለታለች። ሻንጣው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር የወጣበት፣ ጎማ ያለው ነው፤ ከአራቱ ጎማ አንዱ ግን ከሱቁ ደጃፍ ሳናልፍ ወልቋል። «እትዬ፣ ሕንዶች'ኮ ከነቅጠሉ ሽንብራ የሚበሉ ሰዎች ናቸው አሉ። ለጨው ነጋዴ ጨው ይዘሽ እንደመሄድ ነው» አልኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። የዚያን ቀን የመጨረሻ ሳቋ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ሌላም ቀልድ እጨምርላት ነበር፤ እኔ ቀልድ አይቸግረኝም።

ልጅቱ ጥሩነሽ እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላለች። ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ እኔ ብሆን እንዲህ ያለ የባልቴት ስም አልሰጣትም ነበር። በጾም ስሙን ማንሳት ባይገባም፣ ዓይኗ የእንቁላል አስኳል ነው የሚመስለው። ሆዷ እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ እግሯ የወፍ እግር። ስትስቅ ግን አራት ጥርስ አላት፣ አንዱም ቦታውን የያዘ የለም፤ ስትስቅ ማንም ሰው ሌላውን ነገር አያይም። የምንኖረው ላሊበላ ነው፣ በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት፣ እኔ፣ እህቴ፣ ባሏ አያ ቢተውና ጥሩነሽ። ግድግዳው እስከ ወገቡ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ከዚያ በላይ ቀለሙ አልቋል። አልጋው ስር ቀይ ዘርፍ ያለው የበቅሎ ኮርቻ አለ። አያ ቢተው ፈረንጅ በበቅሎ እየጫነ አሸተን ማርያም ያወጣ ነበር፤ ፈረንጁ ሲቀር በቅሎዋ ለግንበኞች አሸዋና ሲሚንቶ ማመላለስ ጀመረች። ለሲሚንቶ ኮርቻ አያስፈልግም፤ ስለዚህ አልጋ ስር ገባ፣ ሌሊት ሌሊት ላብ ላብ ይሸተናል።

ሕንድ የሚኬደው ለጥሩነሽ ጉበት ነው። የሐሞቷ መውረጃ ስትፈጠር ጀምሮ ዝግ ነበር፤ ጉበቷ በራሷ ሐሞት ተበላ። የሀገራችን ሰው የወፍ በሽታ ነው አለ፤ ቅጠል ተቀጠቀጠላት፣ ጠበል ተጠመቀች፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ደረሰች። እዚያ ዶክተር አዳም የሚባል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው አገኘን። ከአንድ ጤነኛ ሰው ጉበት ትንሽ ተቆርጦ ቢሰጣት ትድናለች፣ የሰጪውም መልሶ ያድጋል አለን። ችግሩ ደም ነው። ጥሩነሽ ኦ ናት። እህቴ ኤ፣ አያ ቢተው ቢ። ለትልቅ ሰው ቢሆን በዚያው ያበቃ ነበር። ዶክተሩ ግን እንዲህ አለን፤ የሰው ደም በሩ ላይ ውሻ አለው፣ ባዕድ ሲገባ ይናከሳል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ውሻው ገና ቡችላ ነው፣ የመጣውን ሁሉ ጭራውን እየቆላ ያስገባል። ስለዚህ ዓመት ሳይሞላት ከደረስን የእናቷ ጉበት ይሆናታል፣ የደሙ ዓይነት ቢለያይም። እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱን ስታጥባት ጆሮዋ ላይ «አንተ ቡችላ፣ ተኛ፣ አትደግ» ትል ነበር። አያ ቢተው ሰምቶ በሽታው ወደ እሷ የተላለፈ መስሎት ደንግጦ ነበር።

ወጪውን የሚችለው አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ፓስፖርቱ ወጥቷል፣ የጉዞው ቀን መጋቢት ሃያ ሰባት ተቆርጧል፤ ያን ለታ መጋቢት አሥራ ሁለት ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ሄደን የመጨረሻውን ደም ሰጥታ ተመልሰናል። የቀረው ሻንጣ መዝጋት ብቻ ነው፤ እሱም አልዘጋ ስላለን እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

ስልኩ የኔ ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈውም ቁጥር የኔ ነው፤ በቤታችን ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ሰው እኔ ብቻ ነኛ። ሰባተኛንም አልጨረስኩትም፤ ግርግሩ ትምህርት ቤቱን ዘጋው፣ ሲከፈት እኔ የሆቴል አልጋ ማንጠፍ ለምጄ ነበር። ቢሆንም ከቢሮ ሰው ጋር መነጋገር እችልበታለሁ። ፎርም መሙላት እችልበታለሁ። እህቴና ባሏ ከአንድ መስኮት ፊት ሲቆሙ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኔ ክርኔን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ነው የማወራው።

«ንጋት፣ ዶክተር አዳም ነኝ። የጥሩነሽ ውጤት ደርሷል። እናቷ አጠገብሽ አለች?»

እህቴ ከኔ ሦስት እርምጃ ላይ ነበረች። እኔ ግን ተነስቼ ወደ ግቢው ወጣሁና «የለችም ዶክተር፣ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች» አልኩ። የዋሸሁት ከዶክተር ጋር መነጋገር የኔ ሥራ ነው ብዬ ይመስለኛል።

«እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ። የልጅቱ ልደት በእርግጥ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ነው?»

«አዎ እንዴ! የጊዮርጊስ ለታ። ራሴ ነበርኩ።»

«ስትወለድ ነበርሽ?»

«ክርስትናዋ ላይ።»

ዶክተሩ ወረቀት ሲገልጥ ተሰማኝ። ከጀርባው የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። «ሴት ልጅ በስንት ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፣ ንጋት?» አለኝ። እንዴት ዶክተር ሆኖ ይህን አያውቅም ልል አፌን ከፈትኩና፣ «ሰማንያ» ስል ያኔ ገባኝ።

እህቴ የወለደችው የመጀመሪያ ልጇን ስለሆነ እንደ ወጉ እናታችን ቤት ነው፣ ይምርሐነ ክርስቶስ አጠገብ ባለው መንደራችን። አዋላጇም እናታችን ናት፤ ካርድ የለ፣ ጤና ጣቢያ የለ። እኔ ላሊበላ ሥራ ላይ ነበርኩ። ወለደች የሚለውን ሰማሁ፣ እሰይ አልኩ፣ አልጋዬን ማንጠፍ ቀጠልኩ። ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ሴት ልጅ ከአራስ ቤት አትወጣም። አራስ ቤቱም ጨለማ ነው፤ ቢጫና ቀይ በዚያ ውስጥ ማን ይለያል? ክርስትና ልትነሳ ስትወጣ ነው ፀሐይ ላይ ዓይኗን ያየነው። እኔም መጀመሪያ ያየኋት ያን ለታ ነው፣ በአዲስ ቀሚሴ፣ ቄሱ አመተ ጊዮርጊስ ሲሏት። ለኔ ጥሩነሽ ወደዚህ ዓለም የመጣችው ያን ቀን ነበር። ከሦስት ወር በኋላ የሆስፒታል ካርድ ስናወጣላት መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ «የትውልድ ቀን» አለ፤ እኔም ብዕሩን ተቀብዬ፣ ሳላመነታ፣ በሚያምር ጽሕፈቴ ሞላሁት። ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ሁሉ ከዚያ ካርድ ተገለበጠ። ልጅቱ ታማሚ ስለሆነች ክብደቷ ለየትኛውም ዕድሜ አይበቃም፤ ማንም አልጠረጠረም።

ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ታኅሣሥ ላይ ከማኅበሩ አንዲት ሴት ደውላልኝ ነበር። ለጥር አንድ ቦታ ተገኝቷል፣ ነገር ግን ዓመት ሊሞላው የተቃረበ አንድ የጅማ ልጅ አለ፣ የእናንተዋ ገና ጊዜ አላት፣ እሱ ቢቀድም ቅር ይላችኋል ወይ አለችኝ። እኔም እህቴን ሳልጠይቅ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ኧረ ግድ የለም! ይቅደም፣ የእኛዋ ገና ናት» አልኳት። ሴትየዋ አመሰገነችኝ። ያን ቀን ጥሩነሽ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር እንኳ አልቀራትም ነበር። ልጁ ሄዶ ድኖ ተመልሷል፤ ይኑርልን። እሱን ምን አድርጎኝ?

«ውሻው አድጓል» አለኝ ዶክተሩ። «ደሟን በእህትሽ ደም ላይ ሞክረነዋል፤ በኃይል ነው የሚናከሰው። በዚህ ዓይነት የእናቷን ጉበት ብንሰጣት እዚያው ጠረጴዛ ላይ እናጣታለን። ጥር ላይ ቢሆን…» ብሎ ተወው። አሳዘንኩት መሰለኝ። «ኦ የሆነ ጤነኛ ዘመድ ፈልጉ። ቦታዋን እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ እይዝላታለሁ። ከዚያ በኋላ ጉበቷም አይጠብቀንም።»

ስገባ እህቴ ሻንጣውን ዘግታው፣ የወለቀውን ጎማ በሽቦ ታስራለች። «ማነው?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ከሆቴሉ ነው፣ እንግዳ መጥቷል፣ ቶሎ ነይ አሉኝ» አልኩ። ይኸው ሁለተኛ ውሸት፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ። ጥሩነሽ በእህቴ ትከሻ ላይ አጮልቃ አየችኝና እጇን ዘረጋች። ሁልጊዜ ስወጣ ጣቷን ነክሼ ነው የምሄደው፣ ያኔ ትንከተከታለች። ያን ቀን ሳልነክሳት ወጣሁ።

እግሬ ወደ ሆቴሉ አልሄደም። ከገበያው በላይ አንድ ክሊኒክ አለች፣ ላቦራቶሪዋን የሚሠራው በድሩ ነው፣ የእህቱ የጁወይሪያ የልጅነት ጓደኛ ነኝ። የደም ዓይነት ምርመራ መቶ ሃምሳ ብር። ኪሴ ውስጥ የነበረው መቶ ሰማንያ ነው፣ የፀጉር መሠሪያዬ። «አንችን ደግሞ ምን አመመሽ? አፍሽ ደህና ነው፣ ከሩቅ ይሰማል» አለኝ በድሩ። ጣቴን ዘረጋሁለት። ያኔ ነው ፊቴን ያየው፣ ቀልዱን ተወ። ጣቴን ወጋ፣ ነጭ ሸክላ ላይ ሦስት ቦታ አንጠባጠበው፣ ከሦስት ብልቃጥ አንድ አንድ ጠብታ ጨመረበት። ደሙ እንደ እርጎ ከተቆራረጠ አንድ ነገር ነው፣ ካልተቆራረጠ ሌላ። እኔ አልገባኝም፤ ግን የመጀመሪያው አልተቆራረጠም፣ ሁለተኛውም አልተቆራረጠም፣ ሦስተኛው ብቻ ተቆራረጠ። በድሩ ሸክላውን ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ ቆየ። 

«ኦ ፖዘቲቭ ነሽ» አለኝ።

ከወንበሩ ተነስቼ በድሩን አቅፌ ሳምኩት። «ኧረ አንች! ረመዳን ነው፣ ኧረ ሰው ያየናል!» እያለ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ደውዬ ነበር። «ዶክተር፣ ተገኘ! እኔ ራሴ ኦ ነኝ! ጤነኛ ነኝ፣ ጉንፋን እንኳ አይዘኝም፣ የፈለጉትን ያህል ይቁረጡ!»

«ዕድሜሽ ስንት ነው፣ ንጋት?»

«አሥራ ስምንት» አልኩ።

በድሩ ሸክላውን ሲያጥብ እጁ ቆመ። እሱ ያውቃል፤ ጁወይሪያና እኔ በአንድ ክረምት ነው የተወለድነው።  ዶክተሩም ድምፁን ሳያነሳ «ይህንንስ ማን መዘገበው?» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለስድብ መልስ አለኝ። «አሥራ ስድስት ሊሞላኝ ነው» አልኩት በመጨረሻ፤ «ሐምሌ ላይ።» ከልጅ አካል አይወሰድም አለኝ፣ ሕጉም አይፈቅድም፣ እሱም አያደርገውም። «ሁለት ዓመት ከምናምን ይቀርሻል። እሷ ያን ያህል የላትም» አለ። ከዚያም እናቷ አውቃለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አልነገርኳትም አልኩ፣ ዛሬውኑ ንገሪያት አለኝና ዘጋ። በድሩ መቶ ሃምሳ ብሩን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። አልቀበልም አልኩት። «ያዢው» አለኝ፣ «ውጤትሽን እኔም አልመዘግበውም።»

ወደ ቤት የሚወስደውን የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ሁለት ሰዓት ሄድኩት። የሰማንያውን ቀን ወደ ኋላ በጣቴ ቆጠርኩት፤ ከሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን፣ ከመጋቢት ሠላሳ፣ ከየካቲት ሃያ ሰባት። ምንም ብትቆጥሪው ሰማንያ ነው። በመንገዱ ላይ ሦስት ዓይነት ውሸት አዘጋጀሁ። አንዱ፣ ውጤቱ ተበላሽቷል የሚል። ሁለተኛው፣ የካርዱ ሰውዬ ተሳሳተ የሚል፤ እሱ በጣም ያምር ነበር፣ ሰውዬው አፉ ጫት ጫት ስለሚል ማንም ያምነኛል። ሦስተኛውን ረሳሁት። ቤት ስደርስ እህቴ ጥሩነሽን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ገላዋን ትቀባታለች። እህቴ ፀጉሯን በአዲስ ሹሩባ ተሠርታለች፣ ለሕንድ። ስድሳ ብር ከፍላበት። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፣ ከካርዱ ጀምሬ፣ የታኅሣሡን ስልክ ጨምሬ፣ የጠዋቱን ውሸት ሳልተው። አንዱንም ያዘጋጀሁትን ውሸት አላወጣሁትም፤ የተሠራው ሹሩባ ይመስለኛል አፌን የያዘው።

እህቴ እየቀባቻት ነበር። እጇ አላቆመም፣ ቀስ አለ እንጂ። አንድ እግር ጨርሳ ሌላውን ጀመረች። እኔ መመታት ፈልጌ ጉንጬን አቅርቤ ነበር።

«የወለድኳት የካቲት ሦስት ነው» አለች፣ «በባዕታ ለታ። ዶሮ ሁለተኛውን ሲጮህ። ውርጭ ነበር፣ እናታችን እትብቷን የምትቆርጥበትን ምላጭ እሳት ላይ ታሞቅ ነበር። ጠዋት አባታችን በሬዎቹን ሊያወጣ ሲነሳ በግርግዳው በኩል ‹ምንድን ነው?› አለኝ፣ ‹ሴት› አልኩት።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አልጠየቅሽኝማ» አለች።

የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም። ጨው አልቋል እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው።

«በመስኮቱ ስትጽፊ አጠገብሽ ነበርኩ። የምትጽፊው ምን እንደሆነ አላውቅም። እንዲህ ያለች እህት ሰጠኝ እያልኩ እጅሽን ሳይ ነበር።»

 ጥሩነሽ ጉልበቴን ይዛ ለመቆም ትታገላለች፤ ትቆማለች፣ ትወድቃለች። የዓመት ልጅ ናት፣ ልትቆም ይገባታል። ይህንን አይተን እንኳ፣ ታማ ሳለ ጎበዘች ብለን እልል አልን እንጂ ወር አልቆጠርንም። እኔ አልቆጠርኩም ማለቴ ነው። እህቴማ ቀኑን ታውቀዋለች፤ የኔ ወረቀት ምን እንደሚል ነው የማታውቀው፣ ዓመቱ ሲያልፍም የጉዞውን ቀን የቆረጡት ሰዎች ያውቃሉ ብላ እነሱን አመነች።

አያ ቢተው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደረሰ፣ ቅንድቡ ድረስ ሲሚንቶ ሆኖ። ታጥቦ ተቀመጠ፣ መሶቡ ቀረበ፣ ጎመንና ተልባ። እኔ አንዷን ጉርሻ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዞራለሁ። እህቴ ለባሏ ወጥ እየጨመረች፣ ዶክተሩ ደውሎ ነበር አለች፣ የኔ ጉበት አይሆናትም አለ፣ ኦ የሆነ ዘመድ ፈልጉ ብሏል። አያ ቢተው የጠቀለለው እንጀራ እጁ ላይ ቀረ። «ምነዋ? ይሆናል ብሎን አልነበረም እንዴ? ከዓመት በታች ናት፣ ይሆናል አላለም?»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እህቴ በአፌ ሙሉ ጉርሻ ከተተችብኝ፣ ትልቅ፣ የሠርግ ጉርሻ የሚያክል። «ደሟ ቸኩሎ ጎበዘ አለ» አለችው። «ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለማ። ያንተ ልጅ አይደለች፣ ትቸኩላለች።»

አያ ቢተው ጥሩነሽን አየ፣ ከዚያ መሬቱን፣ ከዚያ የተዘጋውን ሻንጣ። እኔን አላየኝም። ጉርሻው አልዋጥ ብሎኝ ዓይኔ ውሃ ሞላ፣ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። እስከዛሬ ድረስ እሱ የሚያውቀው ደሟ ቸኩሎ መጎበዙን ነው። ብዙ ቀን ልነግረው ተነስቻለሁ፤ እህቴ ባየችኝ ቁጥር ተመልሼ ተቀምጫለሁ።

«ጋሻዬ አለ» አለ በመጨረሻ። ጋሻዬ ኩልመስክ የሚኖር ታናሽ ወንድሙ ነው፣ በሬ በቀንዱ ይዞ የሚጥል፣ ከመርፌ ግን የሚሸሽ። «እሱ እንዲያውም ባለፈው ክትባት ሲመጣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነው የዋለው» አለች እህቴ። አያ ቢተው ሊስቅ ሞከረ። «አወርደዋለሁ» አለ። «እሱ ባይሆን እህታችን አለች፣ የአጎቶቼ ልጆች አሉ። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እንሄዳለን። ንጋትም ትምጣ። ጤና ጣቢያው ፎርም ሙሉ ይለናል፣ ስም ዕድሜ ይለናል፣ እኛ ምን እናውቃለን?»

እህቴ መሶቡን ከደነች። የእጅ ውሃ አመጣች፣ አስቀድማ ለባሏ አፈሰሰችለት። «ትምጣ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጣሳውን ዘቅዘቅ አደረገችና፣ ውሃው እጄ ላይ ሲወርድ፣ እሱ እንዳይሰማ ዝቅ ብላ፣

«እየጠየቅሽ ጻፊ» አለችኝ።